ትሏ የሰፋችው አምባር

ጨሌ ምናምን ሲባል ከት ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ደጃችን ላይ አንድ ዶቃ ወድቆ ሲገኝ እማ «አንዳች ነገር ጣሉብን!» ብላ በእንጨት ስትገፋው፣ እኔ አንስቼ ኪሴ እከተው ነበር። አሁን የምነግራችሁን ግን፣ ወላሂ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ጓደኛዬ ትዕግስት አክስቷ ከቡሬ ያመጣችላት የአረንጓዴ ዶቃ አምባር ነበራት፣ ክፍሉ በሙሉ «ሲያምር!» ባለ ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል። አምና ላህ ወንዝ ልብስ ስናጥብ አውልቃ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፣ እኔም በጣቴ ወደ ውሃው ገፋ አደረግሁት። «ውሃ ወሰደው» አልኳት፣ ከዚያ ደግሞ አብሬያት ስፈልግ ዋልኩ!

ዘንድሮ የባዮሎጂ መምህራችን የውሃ ነፍሳት አምጡ አሉን። አምባሩ ከወደቀበት በጣም ርቄ ወንዙን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ወዳለበት፣ እዚያ ድንጋይ ሥር አንዲት ትል አገኘሁ፣ ከአፏ በምታወጣው ክር አሸዋ እየሰፋች፣ እንደ ጠባብ እጅጌ ያለ ቤት ሠርታ የምትኖር። መምህራችን «ስታድግ ክንፍ ታወጣለች፣ የእሳት ራት ትመስላለች፤ ጎበዝ! ትዕግስት እንኳ እንዲህ ያለ አላገኘችም» ሲሉ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ!

እንደ አዲስ ስትሠራ እንድናያት ከቤቷ ቀስ አድርገው አወጡልኝ። እኔም ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የወንዝ ውሃና በወንፊት የነፋሁት አሸዋ ብቻ አድርጌ ወደ ቤት ወሰድኳት። ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስጽፍ፣ ቀጭ… ቀጭ… ዶቃ ከዶቃ ሲነካካ ታውቁት የለ፣ እሱን ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ አሸዋዋን ትሰፋለች፣ ሌላ ምንም የለም።

ጠዋት የትሏ አዲስ ቤት ዙሪያውን አረንጓዴ ዶቃ ነበር።

«ያ አላህ፣ ጨሌ! ማነው ቤቴ ያስገባው?» እማ ልትደፋው ስትል፣ ትዕግስት ወደ ትምህርት ቤት ልትጠራኝ በር ላይ ደረሰች። ጠርሙሱን ተቀብላ አየችው።

«ምን ሰጠሻት?»

«አሸዋ ብቻ! ሙች!»

«አይ አንቺ… ውሃ ወስዶ እንዲህ አሳምሮ ይመልሳል?» አለችና ፈገግ አለች፣ ደግሞ በጥፍሯ ጠርሙሱን እየነካች ቆጠረች። «አንድ ይጎድላል።»

ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን ይዛ የገባችው እሷ ናት፣ ሁሉም «የትዕግስት ትል!» እያለ ተሻማ፣ እመኑኝ፣ ያኔም ቀናሁ።

ዛሬ ጠዋት ደጃችን ላይ አንድ አረንጓዴ ዶቃ ነበር። እማ እንጨቷን ልታመጣ ገባች። እኔ ጎንበስ አልኩ፣ ግን አላነሳሁትም፣ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ዶቃው እርጥብ ነበር።