ኮረብታው የታየበት ፎቶ

«ይህን የመሰለ ዓሣ ከየት አገኙት?» አለች ኔሬይዳ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ።

«ከባሕር» አላት የጀልባው ካፒቴን ፊደንሲዮ፣ ቀና ብሎም ሳያያት።

ጀልባ የሚጎትቱት ሰዎች በሙሉ ሳቁ። እሷ በእፍረት ቲማቲም መሰለች። በቦካ ሳሊና ያለው ትንሽ ሆቴል የሳምንቱን የዓሣ ዜና በኢንተርኔት ላይ እንድትጽፍለት ከቀጠራት ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በዚያ ዳርቻ አንድን ካፒቴን «ከየት አገኘኸው» ማለት ሴትን ዕድሜ ከመጠየቅ የባሰ ነውር እንደሆነ ማን ነግሯት!

ፊደንሲዮ ግን ሳቁ ሲበረክት አዘነላት። ውሃው ሃያ ስድስት ዲግሪ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከደቡብ እንደሚነፍስ፣ ለመንጠቆ ማጥመጃ የሚሆን ሰርዲን እንደልብ እንደሚገኝ አንድ በአንድ አስጻፋት። «ይሄን ጻፊ። ቦታውን ግን ለእኛ ተዪልን» አላት። ኔሬይዳም ጻፈች... ዓይኗ ግን ከደብተሩ ይልቅ እሱ ላይ ነበር። አይ ፍቅር! አንዳንዱን በአበባ ይይዘዋል፣ እሷን በውሃ ሙቀት ያዛት።

ፊደንሲዮ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። አብሮት የሚሠራው የሟቿ ወንድም ኤቬሊዮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጀልባ፣ አንዱ መሪ፣ አንዱ ረዳት። ኤቬሊዮ ደግሞ ምላሱ የማያርፍ ቀልደኛ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ጀልባቸው ሲመለስ ኔሬይዳ ዳርቻው ላይ ቆማ ካያት፣ «ካፒቴን፣ ዜና መጣችልህ፣ ፀጉርህን አስተካክል» ይለዋል።

ዓመት ሳይሞላ «እርስዎ» ቀረና «አንተ» መጣ።

መጋቢት ላይ የሰሜን ነፋስ ገባ። ውሃው ወደ ሃያ አንድ ዲግሪ ወረደ፣ አረንጓዴ ሆነና ደፈረሰ፣ ዓሣው ጠፋ። በየሳምንቱ ዓርብ የኔሬይዳን ዜና አንብበው ጓዛቸውን የሚሸክፉት እንግዶች «ሌላ ጊዜ እንመጣለን» ማለት ጀመሩ። በዚህ መሃል ፊደንሲዮ አንድ የዕረፍት ቀን «ነይ እንሂድ» ብሎ እሷንና ኤቬሊዮን ይዞ ወጣ። ወሰዳቸውም ወደ አባቱ ድንጋይ። ከባሕሩ ሥር ያለ፣ ከላይ የማይታይ፣ ዓሣ የሚሰበሰብበት ድንጋይ ነው። ሾጣጣው ኮረብታ ከነጩ የመብራት ማማ ጀርባ ልክ ሲቆም በዚያ መስመር ላይ ትሄዳለህ፣ ጥልቀቱ ድንገት ሲያንስ እዚያው ነው።

«አባቴ ሲሞት ለእኔ ነገረኝ፤ እኔ ለኤቬሊዮ። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ» አላት።

ነፋሱ እያላጋቸው ፊደንሲዮ የክንዱን ያህል ርዝመት ያለው ቀይ ዓሣ አወጣ። ዓሣው ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ሲወድቅበት ሰውየው ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ኔሬይዳ ፎቶ አነሳችው። ኤቬሊዮ ፊቱን ወደ ባሕሩ መልሶ በእጅጌው ዓይኑን ሲጠርግ አየችው።

ዓርብ መጣ። ዜናው ባዶ ነበር፤ ነፋስና ደፍራሳ ውሃ ብቻ። ኔሬይዳ የዓሣ ፎቶ ስታወጣ ከጀርባ ያለውን ተራራ ሁልጊዜ ትቆርጣለች፤ ቦታው እንዳይታወቅ ካፒቴኖቹ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሯት ሕግ ነው። በዚህኛው ፎቶ ግን ኮረብታውና ማማው ከፊደንሲዮ ጉንጭ ጋር ተጣብቀዋል። ኮረብታውን ስትቆርጥ ሳቁም አብሮ ይቆረጣል። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ «ማን ልብ ይለዋል?» አለችና እንዳለ ለቀቀችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ ሰው ሲስቅ ዓለም ሁሉ እንዲያይላት ፈልጋ ነው።

እሑድ ጠዋት ድንጋዩ ላይ አሥራ አራት ጀልባ ቆሞ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ድንጋዩ ዓሣ አልቆበት ባዶ ቀረ። ካፒቴኖቹም ከየት እንዳወቁት ትንፍሽ አላሉም፤ ቦታ አይጠየቅም፣ ከየት እንደተገኘም አይነገርም። ፊደንሲዮ ደግሞ ስልኩን ከመደወያነት አልፎ የማይጠቀም ሰው ነው፤ ፎቶውን አላየውም።

ድንጋዩ ባዶ በቀረ ማግስት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳርቻው ሰው ሞልቶት ሳለ፣ ወደ ኤቬሊዮ ዞረ።

«ከእኔና ከአንተ በቀር ይህን ቦታ ማን ያውቃል? ኔሬይዳ እንደሆነች የማንንም ቦታ አውጥታ አታውቅም።»

ኤቬሊዮ ለአንድ አፍታ ኔሬይዳን አያት። ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«እኔ አልተናገርኩም» አለ።

«ውረድ ከጀልባዬ።»

ኔሬይዳ አፏን ከፈተች። ኤቬሊዮ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በአሸዋው ላይ ሲሄድ አየችና ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የዚያን ቀን እዚያ አልነበረም። ይባስ ብላ ቤቷ ገብታ የለቀቀችውን ፎቶ አወረደች፤ በቦታው ግማሽ ፊት ብቻ የሚታይበትን ቆርጣ ተካች።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ኤቬሊዮ በጎረቤት መንደር፣ ለዓሣ ማቆያ በረዶ በሚሠራ በረዶ ቤት፣ ተሸካሚ ሆነ ተባለ። የኔሬይዳ የእንጀራ ጽሑፍ ቀጠለ፤ ውሃው ይህን ያህል ዲግሪ፣ ነፋሱ ከዚህ ወደዚያ። ሐሙስ ሐሙስ «ነገ እነግረዋለሁ» ትላለች፣ ዓርብ ሲመጣ ደግሞ ሐሙስን ትቀጥራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ፊደንሲዮ ሆቴሉ ደጃፍ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

«ወንድሜ ያልኩት ሸጠኝ» አላት። «ከእንግዲህ በዚህ ዓለም የማምነው አንቺን ብቻ ነው። አግቢኝ።»

ስንት ሴት ይህን ቃል ለመስማት ትሳላለች! ኔሬይዳን ግን ልቧን ስንጥቅ አደረጋት። ጊዜ ስጠኝ ብላ ለመነችው። እሱ ሄደ፣ እሷ ቀጥታ ወደ ኤቬሊዮ ቤት ሮጠች።

የኤቬሊዮ ሚስት ሮሳልባ በሩን ከፈተችላት። ግቢ አላለቻትም። ኤቬሊዮ ትከሻው በበረዶው ከረጢት ተልጦ ጓሮ ተቀምጧል። ኔሬይዳ እያለቀሰች ጥፋቷን ተናግራ ሳትጨርስ አቋረጣት።

«አውቃለሁ» አላት። «ፎቶውን በወጣ ማታ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ከራሱ ለማውረድ በሴት ላይ ጫነ እንዲለኝ? ደግሞም...» ትከሻውን አሻሸ። «እህቴን ከቀበርን ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቀው። በእኔ አፍ እንዲጠፋ አልፈለግኩም። አንቺ ራስሽ ትነግሪዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። በየቀኑ ዛሬ ትመጣለች እላለሁ። ስድስት ሳምንት ጠበቅኩሽ፣ ኔሬይዳ።»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል። ብትሰደብ ይቀላት ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን፣ ኤቬሊዮ በተዋረደበት ቦታ፣ ያው ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ኔሬይዳ ፎቶውን በስልኳ አውጥታ ለፊደንሲዮ ሰጠችው። «ኮረብታውን ተመልከት» አለችው። «እኔ ነኝ። ኤቬሊዮ አልተናገረም። ሲባረር አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ፊደንሲዮ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። ስልኩን መለሰላት፣ ጀልባውን ሳያጥብ ትቶት ሄደ። ዓርብ ደግሞ ኔሬይዳ በዜናው ላይ፣ ከውሃው ሙቀት በፊት፣ ያጠፋችውን በስሟ ጽፋ አወጣች።

ኤቬሊዮ ቤት የሆነውን መንደሩ ሁሉ ያወራል። ፊደንሲዮ ይቅርታ ሲጠይቅ ኤቬሊዮ «ነገ በረዶ ቤት ና» ብሎ ብቻ በሩን ዘጋበት አሉ። በማግስቱ ካፒቴኑ ከጠዋት እስከ ማታ በረዶ ተሸከመ። ኤቬሊዮ ጥላ ሥር ተቀምጦ «ጎንበስ በል፣ ወገብህን እንዳትሰብር፣ ሽማግሌ!» እያለ አስተማረው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጀልባው ላይ ታዩ።

ለኔሬይዳ ግን ፊደንሲዮ ሦስት ሳምንት ቃል አልተነፈሰላትም። በየቀኑ ደብተሯን ይዛ ትቆማለች፣ ኤቬሊዮ ዲግሪውን ይነግራታል፣ ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። ሰኔ ሲገባ ውሃው ሞቀ። ያን ጊዜ ነው ፊደንሲዮ ከጀልባው ወርዶ ፊት ለፊቷ የቆመው።

«ለድንጋዩ ገና ያኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ለኤቬሊዮ ግን አልቻልኩም። ከዚያ አሰብኩት። አንቺ ስድስት ሳምንት ዝም አልሽ። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራ ወንድሜን በቅጡ ሳልጠይቅ በአንድ ቃል አባረርኩ። ከሁለታችን ማፈር ያለበት ማን ነው?»

«ሁለታችንም» አለች፣ እንባዋ ደብተሩ ላይ እየወረደ።

«እንግዲያውስ አብረን እንፈር» አለና እጁን ዘረጋላት። እጁ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ያዘችው።

በሐምሌ መጀመሪያ ዳርቻው ላይ ተጋቡ። ሚዜው ኤቬሊዮ ነበር፤ በንግግሩ መሃል «ሙሽራው ከበረዶ ይልቅ ለሴት ይበረታል» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ አናወጠው። ሮሳልባ ሙሽሪትን ለማቀፍ የመጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። ጉንጯን ሳመቻትና በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦

«ልጆቼ ያን ሰሞን ‹አባባ ሌባ ነው እንዴ?› ብለው ጠይቀውኛል። ይቅር ብዬሻለሁ። ግን እንድታውቂው ነው።»

ሙዚቃው ተጀምሯል፣ ፊደንሲዮ ለጭፈራ እየጠራት ነው። ኔሬይዳ ግን ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ልጆቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ሄደች፤ አሸዋው ላይ ተንበረከከች።

«አባታችሁ ሌባ አይደለም» አለቻቸው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላደረገም።»

ታላቂቱ ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ፣ ትክ ብላ አየቻት።

«ታዲያ ቶሎ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈርቼ።»

ልጅቷ ወንድሟን በክርኗ ገፋ አደረገችና ኔሬይዳ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀችላት።