የማጅራቷ ፀጉር

ሐምሌ አስራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በምንትዋብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጌጥ ሠሪዋ ምንትዋብ፣ አከራይዋ እትዬ ዘነበች፣ እና የሟች ልጃቸውን አስራ ሁለተኛ ቀን አውጥተው ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ የመጡት እማማ ብርቅነሽ። እማማ ብርቅነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ቀስ እያሉ ይፈታሉ። ምንትዋብ የላስቲክ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ታያቸዋለች፤ ሰው አንዲት ቋጠሮ ለመፍታት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል እያለች በልቧ።

ደብረ ብርሃን በክረምት ቀኑም ጨለማ ነው። ደመናው ከጣሪያ በላይ ተጋድሞ ይውላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው አጠገቡ ካለው ሰው ጋር እንኳ እየጮኸ ያወራል። ምንትዋብ በዚያች አንድ ክፍል፣ ከአልጋዋና ከአንድ ጠረጴዛ ሌላ ምንም በሌለበት፣ የሬዚን ጌጥ መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሬዚን እንደ ማር የሚወፍር፣ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው፤ ከማድረቂያው ጋር በልኩ ተማስሎ ፎርማ ውስጥ ሲፈስ ቀስ በቀስ ይጠነክርና እንደ መስታወት ይሆናል፣ ውስጡ የገባው አበባም ሆነ ቅጠል እንዳለ ይቀራል። ብርድ ስለማይወድ በአንድ ካርቶን ትከድነዋለች፤ ካርቶኑ ውስጥ አምፖል ሲበራ ይውላል። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። እሷ ለምዳዋለች።

ያልለመደችው ደንበኞቿን ነበር። የጠወለገች ጽጌረዳ ይዛ የምታለቅስ ሙሽራ፣ ጣሪያ ላይ መጣል የነበረበትን የልጁን የወተት ጥርስ በብልቃጥ ይዞ የመጣ አባት፣ የእጮኛዋን የሸሚዝ ቁልፍ የሳመች ኮረዳ። አንድ ጊዜ የሙሽራዋ ጽጌረዳ ሻግታባት ከአጥር ላይ ሌላ ቀጥፋ አስገባች። ሙሽራዋ ጌጡን ይዛ አለቀሰች። ምንትዋብ ያን ቀን አንድ ነገር ተማረች፤ ሰው የሚያለቅስበትን ነገር እንኳ ለይቶ አያውቅም።

«ይቺ የየሺመቤት ናት» አሉ እማማ ብርቅነሽ። ከቋጠሮው የወጣው አንድ ጉንጉን ፀጉር ነበር፤ በቅቤ የራሰ፣ ጫፉ በቀይ ክር የታሰረ። «ከመገነዟ በፊት ራሴ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ቅቤ አለበት» አለች ምንትዋብ።

«እኔ ነኛ የቀባኋት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ሆስፒታል ተኝታም ቀብቻታለሁ፣ ነርሶቹ እስኪቆጡኝ።»

እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን መጠጡ። ምንትዋብ መስኮቱን ከፈት አደረገች።

«እስከ አርባዋ አንገቴ ላይ ትሁን» አሉ እማማ ብርቅነሽ። «በአርባዋ ከሐውልቱ ሥር አስገባታለሁ፣ ሲሚንቶ ይፈስባታል። ያን ጊዜ መንገዷን ታገኛለች። አደራ ልጄ።»

«እሺ እማማ። አርብ ይምጡ።»

«አደራ» አሉ ደግመው፣ እጃቸውን ከፀጉሩ ላይ ቀስ አድርገው እያነሱ።

ሲወጡ ምንትዋብ ጉንጉኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። «እኚህ ሴትዮ ቅቤ አንገታቸው ላይ ሊያንጠለጥሉ ነው።»

«ተይ እንጂ፣ ሐዘን ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ሐዘንስ ይታጠባል እትዬ። የማይታጠበው ቅቤ ነው።»

ቅባት የነካው ፀጉር ሬዚን ውስጥ ሲገባ ዳርዳሩ ይደፈርሳል። በሳሙና አጥቦ፣ በዚያ ብርድ ሦስት ቀን አድርቆ፣ ዘለላ በዘለላ ለይቶ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ምንትዋብም ይህን ታውቃለች። ለማን ብዬ፣ አለች። ጉንጉኑን ከነቀይ ክሩ ከቆሻሻው ፌስታል ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ፣ ከራሷ ማጅራት ላይ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ፀጉር በመቀስ ቆረጠች። ንጹህ፣ ደረቅ፣ ያው ጥቁር። በጠብታ ቅርጽ ፎርማ ውስጥ አስተኝታ ሬዚኑን አፈሰሰችበት፣ አረፋውን በላይተር እሳት አጠፋች፣ ካርቶኑን ደፋችበት።

ረቡዕ ጠዋት ካርቶኑን ስታነሳ ከፀጉሩ ጫፍ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል አንዲት አረፋ ነበረች። በስቴኪኒ ወጋቻት። ከምሳ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ነበረች። ወጋቻት። አመሻሹ ላይ፣ ሬዚኑ ጠንክሮ ስቴኪኒ አልገባ ሲለው፣ ሦስተኛዋ ከሥር ቀስ ብላ ወጥታ ቆመች፤ ውስጥ የተኛ ነገር የያዘውን ትንፋሽ የለቀቀ ይመስል። የብርዱ ነው፣ አለች ምንትዋብ።

አርብ ዕለት እማማ ብርቅነሽ ጌጡን ተቀብለው መጀመሪያ አሸተቱት፣ ከዚያ ብርሃን ላይ ያዙት፣ ከዚያ እሷን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«የሷ ነው የምትዪኝ?»

«የማን ሊሆን ኖሯል እማማ?»

«እሺ» አሉ። አንገታቸው ላይ አሰሩት። «የሰጠሽኝን ተቀብያለሁ።»

ከበሩ ሳይርቁ ምንትዋብ ሳቋ አመለጣት።

ሽታው የጀመረው በሳምንቱ ነው። ጠዋት ስትነቃ ከሬዚኑ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ፀጉር ላይ የሰነበተ ቅቤ። ጉንጉኑ ያለበትን ቆሻሻ ግን ቀደም ብላ ጥላው ነበር። ክፍሉን በበረኪና አጠበች። ሽታው ለአንድ ቀን ጠፍቶ በማግስቱ ከትራሷ ላይ ተነሣ። ማጅራቷን ስትዳስስ የቆረጠችው ቦታ ላይ ፀጉር አልበቀለም ነበር፤ ቆዳው እንደ ብርጭቆ የለሰለሰና የቀዘቀዘ ነበር፣ ጣቷ ሲያርፍበትም ጣቷ ተሰማት እንጂ ማጅራቷ አልተሰማትም።

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ከቧንቧው አጠገብ ሆነው እየሳቁ ጠሯት።

«አንቺ፣ ሥጋውን ጾመሽ ቅቤውን በራስሽ ጀመርሽው?»

«የምን ቅቤ?»

«ትናንት ጠዋት እዚህ ፊትሽን ስትታጠቢ አየሁሽ እኮ። ግንባርሽ ላይ እየቀለጠ ይወርድ ነበር። አምሮብሻል ደግሞ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለሽም መለስሽልኝ፣ ዛሬ ምን ነካት አልኩ።»

ምንትዋብ ትናንት ጠዋት ከክፍሏ አልወጣችም ነበር። እኚህ አሮጊት ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ብላ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ የደረቀ አንድ የጆሮ ጌጥ ነበር፤ ፊቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል። እሷ ያለ ጓንት ሬዚን ነክታ አታውቅም። አውራ ጣቷን በላዩ አስጠግታ ለካችው። አሻራው ከእሷ ጣት ያነሰ ነበር፣ መስመሮቹም ውስጥ ቅባት ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ መወፈር ጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እያየችው፣ የምትሰማው ግን ሌላ ሰፈር የሚዘንብ ዝናብ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከወፍራም ነገር ሥር እንደሚመጣ ተጎትቶ ይደርሳታል። ሱቅ ሄዳ ሳሙና ስትጠይቅ ባለሱቁ በላይዋ አሻግሮ መንገዱን ያያል፤ ሦስት ጊዜ ጮኻ ነው የሚደነግጠው። ነሐሴ ስምንት ቀን አንዲት ደንበኛ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፣ ጠረጴዛው ፊት የቆመችውን ምንትዋብን አየች፣ ወይም ያየች መሰለ፣ ከዚያ ዞራ ውጭ ላለች ጓደኛዋ «የለችም» አለች።

«አለሁ» አለች ምንትዋብ።

በሩ ተዘጋ።

አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። እጇን በአፏ ፊት ይዛ ተነፈሰች፤ ሙቀት አልተሰማትም። ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአርባዋ ሲሚንቶ ሥር የሚገባው የማን ፀጉር እንደሆነ አሰበች። አርባዋ ከነገ ወዲያ ነበር። ያ ፀጉር ከእማማ ብርቅነሽ አንገት ላይ መውረድ አለበት። ሄዶ እውነቱን መናገር አንድ መንገድ ነበር፤ ለዚያች ባላገር፣ የልጅዎን ፀጉር ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት ብሎ፣ እግር ላይ ወድቆ። ሲታሰባት ከንፈሯ ተጣመመ። ከዚያ ይልቅ ከፀጉር ቤት ጥራጊ ለምና ሌላ ጠብታ ሠራች። ትቀይረዋለች። ሴትዮዋ እንደሁ አትለይም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ነሐሴ አስር ቀን፣ አዲሱን ጌጥ በመሐረብ ጠቅልላ ወደ እማማ ብርቅነሽ ቤት ሄደች። በተዝካሩ ድንኳን ውስጥ ሰው ሽሮውን እየበላ ነበር፤ በመሃላቸው ስታልፍ አንድም ቀና ያለ የለም። እማማ ብርቅነሽ ከጓዳው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እሳቸው ግን አዩዋት።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ።»

«ያ ጌጥ አየር ገብቶበት ነበር እማማ። ሌላ ሠርቼልዎታለሁ፣ በነፃ ነው። ያንን ይስጡኝ።»

እማማ ብርቅነሽ የልብሳቸውን አንገትጌ ገለጥ አደረጉ። ጌጡ የተንጠለጠለበት ክር አልነበረም።

«ግንበኛው ሌሊቱ ሲነጋ ነው የጨረሰው» አሉ። «ዝናብ ሳይመጣ ይድረቅ ብሎ።»

ምንትዋብ መሐረቡን ጨበጠች። «የሷ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በጭንቅ ደረሳት።

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት የቀባሁትን ፀጉር አላውቅም? አርብ ዕለት ሳሸተው ነው ያወቅኩት።» በለቅሶ ያበጠ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «የሷን አደራ አልኩሽ። አንቺ የራስሽን ሰጠሽኝ። የሷ ነው ወይ ብዬም ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ያስወጡልኝ እማማ። ይሰበር፣ እከፍላለሁ።»

«እንዴት ይወጣል?» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ። «ደርቋል።»

ስትወጣ ዝናቡ ጀምሯል። ከመሐረቡ ሌላ ምንም ሳትይዝ ሮጠች፣ ወይም የሮጠች መሰላት፤ እግሯ በወፍራም ነገር ውስጥ እንደሚሄድ እየዘገየ ይነሳል። ግቢው ስትደርስ የክፍሏ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በስንጥቁ በኩል የካርቶኑ አምፖል ቢጫ ብርሃን፣ ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሰ ጀርባ፣ በቅቤ ያብለጨለጨ ጉንጉን ታያት፤ ጉንጉኑ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ነበር። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። ክንዷ እዚያው፣ መንገድ ላይ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። በአፏ አጠገብ አንዲት ትንሽ አረፋ ወጥታ ቆመች።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ዘነበች በሩን አንኳኩተው «ምንትዋብ፣ ደህና አደርሽ?» አሉ። ከውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ» የሚል ድምፅ መጣ። ከሰዓት በኋላ እማማ ብርቅነሽ ጥቁሩን አውልቀው፣ በትንሽ ጣሳ ቅቤ ይዘው መጡ።