ሦስት ሰከንድ

ልጅቷ የክሩን ጫፍ በምላሷ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ አሾለከችው። ጓደኛዋ ድንቢጥ ከሞተች ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ወደዚች ልብስ ስፌት ቤት ጎራ ትላለች። ክር ማስገባቱ የድንቢጥ ሥራ ነበር። ድንቢጥ ያሏት ለቅጥነቷ ነው፤ በሽታው ሳይነካትም ቀጭን ነበረች።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ የድንቢጥ እናት። መርፌውን ቢቀበሉም መስፋት አልጀመሩም። ከመሳቢያው ስልካቸውን አወጡ። «እንዳትስቂብኝ እንጂ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ?»

«ያ የሠራችሁላት ድረ ገጽ... እኔ አልቻልኩበትም መሰለኝ።»

ገጹን ለድንቢጥ ማስታወሻ የሠሩት ልጅቷና ቻርጀር የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ ናቸው። አምሮ ሲወጣ መምህራቸው ለትምህርት ቤቶች ውድድር አስመዘገቡላቸው። ዳኞቹ ነገ ጠዋት ያዩታል። ከዘመኑ ፋሽን አንድም አላስቀሩም፤ ሰፊ ባዶ ነጭ ቦታ፣ ቀጫጭን ግራጫ ፊደላት፣ በሦስት ትንንሽ መስመሮች ውስጥ የተደበቀ ማውጫ፣ በየተራ እየተንሸራተቱ የሚያልፉ ፎቶዎች።

«የጽሑፉ መደብዘዝ ገብቶኛል» አሉ የድንቢጥ እናት። «ለሐዘኑ ነው። ይቺን ፎቶ ግን...»

ድንቢጥ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። እናቷ አውራ ጣታቸውን ጉንጯ ላይ አድርገው ጫን አሉ። ፎቶው ከጣታቸው ሥር ተንሸራቶ ሄደ። በቦታው የአበባ ሥዕል መጣ።

«አየሽ? መርፌ ያደነደነው እጅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ስልኩ አይሰማውም። ተመልሳ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። ስትመጣ ደግሞ መነጽሬን እስካደርግ ትሄዳለች።»

«የእርስዎ እጅ አይደለም» አለች ልጅቷ። «እኛ ነን።»

ደጅ ወጥታ ቻርጀር ጋ ደወለች።

«ፎቶዎቹን ላቆማቸው ነው። ፊደሉንም ላጠቁረውና ላጎላው ነው።»

«አበድሽ እንዴ? ነገ እኮ ነው! የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ልታስመስዪው ነው? ፋራ ነው የሚሉን።»

«ይበሉን። እናቷ ሊያዩዋት አልቻሉም።»

ቻርጀር በቀስታ፣ «ለአንድ ፎቶ ሦስት ሰከንድ ይበቃል ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለ። «እኔ አሥር ብዬ ነበር።»

እውነቱን ነው። ያን ቀን የአሁኑ ፋሽን ፈጣን ነው ብላ ድርቅ አለችበት። ከሦስት ሰከንድ በላይ የድንቢጥን ፊት ማየት እንዳልቻለች አልነገረችውም። አሁንም አልነገረችውም።

«በቃ አድርጊው» አለ ቻርጀር፣ እንደገባው ዓይነት። «ለመምህር እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ተመልሳ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በስልኳ የገጹን ማስተካከያ ከፈተች። ፊደሉን አጠቆረች፤ አጎላች። የተደበቀውን ማውጫ አውጥታ ፊት ለፊት ደረደረችው። ፎቶው መጨረሻ ላይ ቀረ፤ ሆን ብላ ነው ያስቀረችው።

እንቅስቃሴውን አጠፋች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድንቢጥ አልሄደችም። አራት። ልጅቷ ፊቷን ልታዞር ዳዳትና ተወችው። አጥር ሲዘሉ የተረፋት፣ ከድንቢጥ ቅንድብ በላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ ታየቻት። ረስታት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ እንዴት እንደረሳቻት አላወቀችም። እንባዋ የስልኩ መስታወት ላይ ጠብ አለ። በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ድንቢጥ እዚያው ነበረች።

«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።

«አሁን ይክፈቱት፣ እትዬ።»

የድንቢጥ እናት ከፈቱት። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። አውራ ጣታቸውን የድንቢጥ ጉንጭ ላይ አሳረፉ፤ ፎቶው አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷም የራሷን ስልክ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው።