ሞተሩ ሁለተኛ ሲነሣ

የሃይለ ሚካኤል ሬሳ ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከኪዳነ ምሕረት አጥር ውጭ ግራር ሥር ተጋድሟል። ጠዋት ከውኃ እንደወጣ ነው፤ አልተገነዘም። ቄሱ «ራሱን ለወንዝ የሰጠ ሰው ፍትሐት የለውም» ብለው የግቢውን በር ዘግተዋል። እናቱ እማማ እልፍነሽ ደግሞ ልጄን ከአጥር ውጭ አልቀብርም ብለው ከራስጌው አልተነሡም።

ከፍኖተ ሰላም የተጠራው፣ ድረስ የተባለው መርማሪ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ያንን የተዘጋ በር ነበር። አዴት ውስጥ እንዲህ ካለ አጥር ውጭ የተቀበረ ወንድም አለው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሕልሙ እየመጣ «በሩን አስከፍትልኝ» ይለዋል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ» አሉ ቄሱ። «ከዚያ በኋላ መቃብሩ እዚያው ከግራሩ ሥር ይቆፈራል።»

ሟቹ የቡሬ ነጋዴ ነበር፤ በጭነት መኪና የሞተር ጀልባ አምጥቶ ዓባይ ላይ ሲያወርድ አገር ስቆበታል። ትናንት ከድልድዩ ሥር ተነሥተው ቀኑን በወንዙ ሊንሸራሸሩ የወረዱት አራት ነበሩ፤ እሱ፣ ሚስቱ ታንጉት፣ የጀልባዋ ሸሪክ እጅጉና መንገድ መሪው ሽማግሌ ባንተአምላክ። የተመለሱት ሦስት ናቸው።

ድረስ ቦታውን ልይ ሲል እጅጉ በደስታ ወሰደው። ከቁልፎቹ መካከል ቀይ ገመድ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሰካ፤ ሌላውን እጁ ላይ አሠረ።

«ያለዚህ አይነሣም። እኔም እሱም የየራሳችን አለን» አለ።

አሸዋው ዳር ሲደርሱ የሆነውን ተረከ። እኩለ ቀን ላይ ለማረፍ ወረዱ፤ ታንጉት ጥላ ሥር ተኛች፤ ባንተአምላክ የምንጭ ውኃ ሊቀዱ ዳገቱን ወጡ። ሃይለ ሚካኤል ብቻውን ጀልባዋን አስነሥቶ መሃል ወንዝ ላይ ቆመ፤ አማተበና ዘለለ። ጀልባዋም ባዶዋን ወንዙን ሽቅብ ሄዳ ከመታጠፊያው ደንገል ውስጥ ተሸጎጠች። እጅጉ ሊያድነው ገብቶ ልብሱ ርሶ ቀረ። ድረስ እየሰማ የጀልባዋን አፍንጫ በጣቱ ዳበሰ፤ እዚያ ብቻ ቀለሙ አዲስ ነው። ድንጋይ ነክቷት ነው ተባለ።

ታንጉት ባሏ ከጥር ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ አልደበቀችም። «ትናንት ግን ‹ዛሬ ለአያ ባንተአምላክ የምነግራቸው አለኝ፤ ከዚያ እተኛለሁ› ብሎኝ ነበር። ሊሞት ያሰበ ሰው እንዲህ ይላል?»

ስለ ገመዱም ጠየቃት። ነጂው ከወደቀ ተነቅሎ ሞተሩን እንዲያጠፋ ነው፤ ጀልባዋ ዞራ እንዳትፈጨው። ባሏ ያላሠረበት ቀን የለም።

ባንተአምላክ ለመናገር ብዙ አንገራገሩ። ልጃቸውን ዓለምብርሃንን ጥር ላይ ማታ በታንኳ ሲሻገር ዓባይ ወስዶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳር የሚሰሙትን ለሰው አይናገሩም።

«ዳገቱ ላይ ሆኜ ሞተሩ ጸጥ ሲል ሰማሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ስጨርስ እንደገና ተነሣ። ሰውዬው ሞቷል አሉኝ። ታዲያ ማን አስነሣው? ልጄ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ጌታው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ድረስ ሁሉንም ከግራሩ ሥር ሰበሰበ። እማማ እልፍነሽን አስፈቅዶ የሟቹን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለ። ቀዩ ገመድ ከእጁ አልተፈታም።

«ተገንዞ ቢሆን ይህ ከልብሱ ጋር አብሮ ይወገድ ነበር» አለ። «ገመዱ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ጠፍቷል፤ አያ ባንተአምላክም ሲጠፋ ሰምተዋል። ጀልባዋ ባዶዋን ሄደች ያለን ግን እጅጉ ነው። በጠፋ ሞተር እንዴት ወንዙን ሽቅብ ትሄዳለች? የሟቹ ገመድ ወንዝ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። እጅጉ፣ አብረኸው ነበርክ። ገፋኸው፣ በራስህ ገመድ አስነሣህ፣ ከመታጠፊያው ጥለሃት በውኃ ተመለስህ። ልብስህን ያራሰው ማዳን አይደለም።»

«ለምን ብዬ?»

«ጥር ላይ ዓለምብርሃን የሰመጠ ማታ ጀልባዋን ይዘህ የወጣኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ሃይለ ሚካኤል ቡሬ ከቤቱ እንደነበር ሚስቱ ነግራኛለች። አዲሱ ቀለም የሸፈነው ጀልባዋ የልጁን ታንኳ የመታችበትን ቦታ ነው። ሃይለ ሚካኤል ይህን ትናንት ለአባትየው ሊነግር ነበር።»

እጅጉ ቁልፎቹን ጨበጠ። «ዝም ቢል ምን ነበረበት? ልጁ እንደሆነ አይመለስ» አለ።

ሰው ሁሉ ባንተአምላክን አየ። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን አላነሡም።

«ልጄ ጮኾ ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

እጅጉ መሬት መሬት እያየ «ጮኾ ነበር» አለ።

ቄሱ ሄደው በሩን ከፈቱ። እማማ እልፍነሽን ከተቀመጡበት አንሥተው፣ ደግፈው ያስገቧቸው ባንተአምላክ ናቸው። የመገነዣው ጨርቅም መጣ።

ድረስ እጅጉን ለፖሊሶቹ አስረክቦ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። የፍትሐቱ ዜማ ሲጀመር አዴት ያለው ጉድጓድ ታየው። ያኔ ሰው ራሱን ገደለ አለ፣ አባቱ አፈሩ፣ እሱም አብሮ አፈር መለሰ። ወንድሙም እንዲሁ ሳይገነዝ ነበር የተቀበረው፤ እጅጌውን ገልጦ ያየለት አንድ ሰው አልነበረም።