አሸተን ጉም ውስጥ የተመለሰችው

ጋኔን ጠራኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ‹‹ምን ጠጥተህ ነበር?›› ብዬ ነው፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ሬሳ ክፍል አጠገብ ተረኛ ሆኜ እራቴን ጥርግ አድርጌ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የምነግርህ እንድታምነኝ ሳይሆን ብቻዬን ይዤው መቆየት ስላቃተኝ ነው።

እናቴ ባረፈች በስድስተኛው ወር ከላሊበላ በላይ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ወዲያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ከወልድያ ወጥቼ አላውቅም፣ አክስቴ ‹‹ማንን አምነሽ ነው ዘመድ የሌለበት አገር የምትሄጂው?›› ብላ አለቀሰች፣ እኔም እመቤቴን አምኜ ብዬ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ለሰው እንዲህ አልኩ እንጂ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ በመንገዱ ሁሉ ልመለስ ልመለስ ይለኛል።

ዕቃዬን በበቅሎ የጫኑልኝ ጋሼ ሞላ የሚባሉ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው፣ ማለዳ ተነስተን ገደሉን ጥግ ጥጉን ይዘን ስንወጣ ሦስት ሰዓት ገደማ ጉሙ መጣ፣ እመነኝ፣ የበቅሎዋን ጭራ እንጂ ጆሮዋን አላይም። ጋሼ ሞላ ስለ ገብሳቸው ሲያጫውቱኝ ቆይተው ድንገት ወደ ኋላ ዞሩ። ከኋላችን ጠጠር ይንኮሻኮሻል፣ ስንቆም ይቆማል። ‹‹መንገደኛ ነው›› አልኩ፣ እሳቸው ግን አማተቡ።

ከዚያ ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ‹‹ወለተ ሰንበት!›› ተብዬ ተጠራሁ።

የክርስትና ስሜ ነው። የክርስትና ስም እንደ ስልክ ቁጥር ለማንም አይሰጥም፣ መተተኛ እጅ ይገባል እየተባልን ነው ያደግነው፣ የእኔን በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቁት ንስሐ አባቴና ክርስትና እናቴ ብቻ ናቸው። ድምፁ የእናቴ ነው ብዬ አልምልም፣ አጠራሩ ግን የእሷ ነበር፣ ብቻችንን ስንሆን እንደምትጠራኝ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ። አፌን ስከፍት ጋሼ ሞላ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

‹‹ሲስተር፣ ሦስቴ ሳይጠራሽ አቤት እንዳትይ! ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል።››

ሁለተኛ ተጠራሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ እናቴ ናፍቃኛለች፣ ሻንጣውን እዚያው ጥዬ ቁልቁል መሮጥ እንዴት እንዳማረኝ ልነግርህ አልችልም። ከንፈሬን ነክሼ ‹‹እመቤቴ፣ አንቺ እንዳወጣሽኝ አንቺው አድርሽኝ›› እያልኩ በልቤ ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ሦስተኛው ሳይመጣ ‹‹አቤት!›› የሚል መልስ ሰማሁ፣ ከአጠገቤ፣ በእኔ ድምፅ። አፌን አልከፈትኩም፣ በማርያም ልማልልህ እችላለሁ። ‹‹አቤት እማዬ፣ መጣሁ!›› አለና የሚሮጥ ሰው ኮቴ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ቁልቁል ራቀ። በቅሎዋ ጠባብ መንገድ ላይ ሰው እንደምታሳልፍ ወደ ዓለቱ ተጠጋች፣ ጋሼ ሞላም ባርኔጣቸውን አንስተው የሆነ ነገር በዓይናቸው ሸኙ።

‹‹ማን ነው ያለፈው?›› አልኳቸው።

‹‹የሚመለስ ይመለስ ልጄ፣ እኛ እንሂድ›› አሉና በቅሎዋን ነዱ።

አገሩ ተስማማኝ፣ በገባሁ ሳምንት መንታ አዋለድኩ፣ ሰዉም ወደደኝ፣ ልመለስ የሚለው ሐሳብ ከሥሩ ተነቅሎ ወጥቶልኝ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፣ ይህን የእምነቴ ፍሬ ነው እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ስመሰክር ሰነበትኩ። ከዚያ ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ለአክስቴ ስደውል፣ ሃሎ እንኳ ሳልል ተቆጣችኝ።

‹‹መመለስሽስ ደስ ብሎኛል፣ ግን ምነው ልጄ፣ እናትሽ ቤት ከገባሽ ሳምንት አለፈሽ፣ ሳንኳኳ አቤት ትይኛለሽ እንጂ በሩን የማትከፍቺልኝ ምን በድዬሽ ነው?››

ከዚያ ወዲህ የዓመት ፈቃዴ ሁለት ጊዜ አለፈኝ፣ አልሄድኩም። የቤቱ ቁልፍ እኔው ጋ ነው፣ ግን እንጃ፣ የሄድኩ ቀን አንኳኩቼ የምጠብቅ ይመስለኛል።