የውሰቷ ተጫዋች

ምኞት ሣሩ ላይ ተንበርክካ የክርስቲያንን የእግር መከላከያ ታስራለች። እሱ ሊስትሮ ፊት እንደቆመ ሰው አንድ እግሩን ወደፊት አስቀድሞ ስልኩን ይነካካል።

«ኧረ አጠበቅሽው» አለ ቀና ሳይል።

«ሲላላም ትጮሃለህ።»

«ዛሬ መውጣት የለብኝም። ገብቶሻል?»

ገብቷታል። ሳምንቱን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር፣ በምሳ ወረፋ፣ ማታ ማታ ደግሞ በኤምኤስኤን መልእክት ሲነግራት ነው የከረመው። የሰፈራቸው የሃግሴትራ ታዳጊዎች ክሪኬት ቡድን በመስከረም መጨረሻ ለምርጥ መቺው ዋንጫ ይሸልማል። ምርጥ የሚባለው ደግሞ ብዙ ያስቆጠረ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ጊዜ የወጣ ነው። ከዱላው የተነሳች ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ይወጣል፣ ተራው ያበቃል። ክርስቲያን የዛሬውን የመጨረሻ ግጥሚያ ሳይወጣ ከጨረሰ ዋንጫው የሱ ነው፤ ከወጣ ግን አዲሱ ለሚባለው ዝምተኛ ልጅ ይሰጣል። አዲሱ ሳምንቱን ሙሉ ስለዋንጫው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ክርስቲያን ይህንን እንደ ሞኝነት ነበር የቆጠረው።

ግጥሚያው ወዳጃዊ ይባላል። ወዳጅነቱ ግን መጨረሻ ላይ ከሚቀርበው ሳምቡሳ አያልፍም ነበር።

ተጋጣሚዎቹ ከዮርድብሩ በአንዲት አሮጌ ቫን መጡ። በአንድ የዕቃ ማከማቻ፣ እነሱ ላገር በሚሉት ቦታ፣ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የአንዱ ነጭ ሸሚዝ ቢጫ ሆኗል። ሌላው የሥራ ሱሪውን እንኳ አልቀየረም፤ ጉልበቱ ላይ ያለው የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ከፀሐይዋ ጋር ይጣቀሳል።

«እያቸው እስቲ» አለ ክርስቲያን። «ካርቶን ሊያራግፉ ነው እንዴ የመጡት?»

አባቱ ሱንድቢበሪ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ፣ ዕቃ የሚሸከም ሰው ሁሉ ለሱ መሳቂያ ነው። ምኞትም አብራው ሳቀች። እናቷ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ እንደምትውል ለጊዜው ረስታ ነበር።

ከሰዎቹ አንዱ፣ አጠር ወፈር ያሉ ሐበሻ፣ የኳስ ተቀባይ ጓንታቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ አሰልጣኙ ወደ ታሪቅ መጡ። ጋሽ ደጀኔ ይባላሉ። ክሪኬትን የተማሩት ናይሮቢ በስደት ሳሉ ነው፤ ለሰላምታ እጁን የዘረጋላቸው ሰው ሁሉ ይህንን ሳይሰማ አይለቀቅም።

«አንዱ ልጃችንን ለሥራ ጠሩብን» አሉ። «ሰው ጎድሎናል። አንድ አውሱን።»

ደንቡ ነው። በወዳጃዊ ግጥሚያ ሰው የተረፈው ለጎደለው ያውሳል። ማንን እንደሚያውስ ግን ደንቡ አይናገርም። ታሪቅ ወደ ክርስቲያን፣ ወደ አምበሉ፣ ዞረ።

«ምኞትን ይውሰዱ» አለ ክርስቲያን ጥያቄው ሳያልቅ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው በስዊድንኛ ጨመረ፦ «እጇ ወንፊት ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። ምኞት ከተንበረከከችበት ተነሳች። ጉልበቷ ላይ እርጥብ ሣር ተለጥፎ ነበር። ክርስቲያን ጠጋ ብሎ በአማርኛ አንሾካሾከ፦

«አትኮሳተሪ፣ ሉግንት፣ ተረጋጊ። እንደውም ይሻላል። ኳስ ወዳንቺ ከመጣች ልቀቂያት። ያው ልማድሽ አይደል?»

በዚያች ቅጽበት ፊቱን አስተዋለችው። የቀለደባት እንኳ አልመሰለውም። ጃንጥላውን ለጎረቤት ያዋሰ ሰው ነበር የሚመስለው።

ጋሽ ደጀኔ ከሜዳው በስተቀኝ፣ ከበርች ዛፎቹ ፊት አቆሟት። «እዚህ ነሽ። ጎረምሳው ወደዚህ ይመታል፣ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ከክርስቲያን ጀርባ ሄደው ቁጢጥ አሉና ምላሳቸውን ፈቱት።

«አቤት ልብስ! አቤት ንጣት! እናትህ ናት ያጠበችልህ፣ ወይስ ለሠርግ የተከራየኸው ነው?»

«እርስዎ ኳሷን ይያዙ፣ ጋሼ» አለ ክርስቲያን። አክብሮቱ ከከንፈሩ አልዘለቀም።

መምታቱንስ ይችላል። ምኞት ይህንን አልካደችም። ኳሷ ከዱላው ስትነሳ ድምፁ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ጥርት ያለ ነው። ይመታል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ፀጉሩን ያስተካክላል።

ከዚያ አንዷ ኳስ ዝቅ ብላ ወደሷ መጣች። ምኞት ሮጠች፣ ራሷን ወረወረች፣ እጇን ከሥር ዘረጋች። ኳሷ ጣቶቿ ላይ ከማረፏ በፊት ሣሩ እንደጎነበሰ አየች፤ ከመሬት የነጠረ ትንሽ ግፊት፣ ከዚያ የኳሷ ቆዳ፣ ከዚያ ስፌቱ። ለሌላ ሰው ዓይን ምንም አይደለም። ለጣቶቿ ግን የታወቀ ነገር ነበር።

ብድግ አለች። ኳሷ እጇ ውስጥ ናት። የዮርድብሩ ሰዎች እየጮሁ ወደሷ ሮጡ፤ ያንጸባራቂ ሱሪው ሰውዬ ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት። ዳኝነቱን ይዞ የነበረው ታሪቅ ከሩቅ ዓይኑን አጠበበ፣ አላየም። ክርስቲያን ደግሞ ዱላውን ተደግፎ ያፈጥባታል። ፊቱ ላይ ልመና ብታገኝ ኖሮ ምናልባት ዝም ትል ነበር። ያየችው ትእዛዝ ነው።

ይውጣ! አለ ልቧ። አንድ ቃል አትናገሪ፣ ይውጣ።

«ነክታለች» አለች። «መሬት ነክታለች።»

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሰውዬው ቀስ ብሎ አወረዳት።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አሉ ጋሽ ደጀኔ ጓንታቸውን ጭናቸው ላይ እየመቱ። «ማን ጠየቀሽ? ሆ! ያዋሱን ለካ ሰላይ ነው!»

የዮርድብሩ ኳስ ወርዋሪ፣ አንድ ረጅም ባንግላዴሻዊ፣ ኳሷን ከእጇ ወሰደ፣ ፊቷን ሳያይ። ክርስቲያን ግን በሜዳው ማዶ ጠቀሳት።

«አልኩሽ አይደል!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። «የኔ እኮ ነሽ!»

ይኼኛው ከስድብ ባሰባት። እነዚያ ለጓደኛዋ የዋሸች መሰላቸው፤ ጓደኛዋም እንደዚያው መሰለውና ወደዳት። እውነቱን መናገሯን ያወቀ ሰው በሜዳው ላይ አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ክርስቲያን መጠንቀቁን ተወ። ሌላው አቅጣጫ ሁሉ ሰው አለበት፤ ምኞት ያለችበት ግን የገዛ ጓዳው ሆነ። ወደሷ መታ፣ ደግሞ ወደሷ። ሲሮጥ እንኳ አይቸኩልም። ጋሽ ደጀኔ «ሰላዩ ጋ ነው መንገዱ!» እያሉ ይሳለቃሉ።

በመጨረሻ አንዷን ከፍ አድርጎ፣ በስንፍና፣ በአንድ እጅ መታት። ኳሷ ከበርቹ ጫፍ በላይ ወጣች፤ እዚያ ትንሽ የቆየች መሰለች፤ ከዚያ መውረድ ጀመረች። ምኞት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደች። ክርስቲያን መሮጡን ትቶ ይስቅ ነበር። ኳሷ መዳፎቿን አቃጥላ ገባች፣ እሷም ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት።

ማንም አልጮኸም። ሁሉም የሷን አፍ ጠበቀ።

«ምኞት?» አለ ታሪቅ።

«ይዣታለሁ።»

ታሪቅ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፤ ክርስቲያን ወጣ።

ሃግሴትራዎች እንደምንም አሸነፉ፤ ማንም ግን ግድ አልሰጠውም። ሳምቡሳው ቀረበ። ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀት ሳህኖቹ ጎን ተቀመጠ፤ ቁመቱ ከኬቻፕ ጠርሙሱ አይበልጥም። አስተናጋጁ ቡድን ፎቶ ሲነሳ፣ እንግዶቹ ሜዳው መሃል ለመጫወቻ የተዘረጋውን አረንጓዴ ምንጣፍ ለበረዶው ወራት ይጠቀልሉ ጀመር። ምኞት ሄዳ አንዱን ጫፍ ያዘች። ምንጣፉ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ረጅሙ ወርዋሪ ቦታ ለቀቀላት። ሲጨርሱ ጥቅልሉን ተሸክመው ዕቃ ቤቱ በር ላይ አወረዱት።

ክርስቲያን የመጣው ጥቅልሉ የሚታሰርበትን ገመድ ስትፈታ ነው።

«ለታሪቅ ንገሪው» አለ።

«ምን ብዬ?»

«ሁለተኛዋም ነክታ ነበር በይ። ደንግጬ ነው በይ። እስካሁን ዋንጫውን አልሰጠም።»

«አልነካችም።»

«አውቃለሁ!» ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ግን አንቺን ያምናል። የመጀመሪያዋን ራስሽ ነሽ የተናገርሽው፣ ማን ይጠረጥርሻል? እኔ ብል ማንም አያምነኝም።»

ቀኑን ሙሉ ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይኼ ብቻ ነበር።

«ክርስቲያን፣ የመጀመሪያዋ ነክታ ነበር።»

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ጠቀሳት።

«ነክታ ነበር እልሃለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም።»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። በሚያጣራ ዓይን አፈጠጠባት፣ የተደበቀውን ምክንያት ፈለገ፣ አጣው። ሰው ያለ ምክንያት እውነት ይናገራል ብሎ ማሰብ አልቻለም። ምኞት ልታዝንለት ወይም ልትጮህበት ተዘጋጅታ ነበር። ሁለቱም አልመጡም። ከሁለት ዓመት በላይ ይህንን ሰው ፈርታ ስትስቅለት እንደኖረች ነው ያሰበችው፤ እሱ ደግሞ ይህን ያህል ትንሽ ነበር።

«አዲሱ እኮ ዋንጫው ምኑም አይደለም» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

ከጠረጴዛው በኩል ታሪቅ ሁሉንም ሲጠራ ተሰማ።

«ሊሰጥ ነው። ሂጂ በናትሽ! ምኞት!»

«ምኞት!» አሉ ጋሽ ደጀኔም ከዕቃ ቤቱ ውስጥ። «ገመዱ ምን ሆነ? ጨለማ ውስጥ ቆሜ ልቀር ነው እንዴ?»

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብላ ገመዱን በጥቅልሉ ሥር አሳለፈች። የክርስቲያን ኮቴ በሣሩ ላይ ራቀ። ገመዱን ሁለቴ ጠመጠመችው፤ በጉልበቷ ተጭና ሳበችው፤ ቋጠረችው። ጠረጴዛው ጋ የአዲሱ ስም ተጠራ፣ ትንሽ ተጨበጨበ። ምኞት የገመዱን ጫፍ ከቋጠሮው ሥር ሸጎጠች። ከጋሽ ደጀኔ ጋር ጥቅልሉን ገፍተው ግድግዳው ሥር አስጠጉት፤ ሲወጡም በሩን እሷ ዘጋችው።