ዚነት የዘለለቻት ሱራ

«ውሃውን ማን ከለከላቸው? እኔ የያዝኩት ባልዲውን ነው።»

ይህን ቃል የሰማሁት በደርግ ዘመን፣ ላፍቶ ገና ጤፍና ሽምብራ ይዘራባት በነበረበት ጊዜ፣ የቁርአን ቤታችንን የጭቃ ግድግዳ ተደግፌ የቀትሩን የዙህር ሶላት ስጠብቅ ነው። ከውስጥ ሁለት ሰዎች ይነጋገሩ ነበር። አንዱ ልብስ ሰፊው ሽኩር ነው፤ ሌላው የሰፈሩን ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት፣ እያስነበቡ የሚያስተምሩት ሸህ ሰማን ናቸው። ዘመኑ ርቋል፤ ከንግግራቸው ግማሹ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ያልጠፋውን ይዤ፣ ኋላ ሽኩር ራሱ እየሳቀ ያወራኝን ጨምሬ ልንገራችሁ። ልጅ የምናሳድግ ሁላችንን የሚመለከት ነገር አለበትና።

ሽኩር ክፉ ሰው አልነበረም። ሶላቱን ከወቅቱ አያሳልፍም፤ የሰፋው ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይተረተርም። ለንጽህና ያለው ጥንቃቄ ግን ሰፈሩን ያስቅ ነበር። ለሶላት ሲታጠብ፣ ዉዱእ ሲያደርግ፣ ፍንጣቂ እንዳይነካው እግሩን እያነሳ እየጣለ ነው። ሚስቱ ሐሚዳ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ውሃውንም ያጥበዋል» ትል ነበር።

በግቢው ጥልቅ ጉድጓድ አለው። ውሃው ሩቅ ስለሆነ ከሽኩር ረጅም ገመድ በቀር የሚደርስበት ገመድ በሰፈሩ አልነበረም። ከመኪና ጎማ ያሠራውን ባልዲ ከነገመዱ እቤት ውስጥ፣ ከመስገጃው አጠገብ ይሰቅለዋል።

በዚያ ዓመት በበጋው ቀበሌው ያስገባው ቦኖ ተበላሸ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ ስለ ቦኖው ረጅም ንግግር አደረገ፤ ውሃው ግን አልመጣም። የሽኩር ጎረቤት ገዲሴ፣ የገበሬው የዱጉማ ሚስት፣ ገና መዳህ የጀመረ ልጇን አዝላ፣ እንስራዋን ይዛ መጣች።

«የዚነት አባት፣ እባክህ ባልዲህን አውሰኝ። አንድ እንስራ ቀድቼ እዚሁ እመልስልሃለሁ።»

«ጉድጓዱ ክፍት ነው ገዲሴ፣ ቅጂ። ባልዲው ግን የዉዱእ ነው።»

«ታዲያ በምን ልቅዳ? በነጠላዬ?»

«እናንተ ቤት ውሻ አለ። ውሻው እንስራሽን ይልሳል፤ ባልዲው እንስራሽን ይነካል። ለእኛ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ አትቀየሚኝ።»

«ውሻዬ እቤት ታስሯል እኮ። የምታውሰው እኔን ነው» አለች ገዲሴ። እንስራዋን አንስታ ወደ ወንዝ ወረደች።

የወንዙ ውሃ በበጋ ከብት የሚቆምበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው። ሳምንት ሳይቆይ የገዲሴ ሕፃን ሆዱ ተበጠበጠ፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ። ዱጉማ ሞፈሩን ከማሳው ላይ ጥሎ፣ ልጁን ታቅፎ እስከ ብስራተ ገብርኤል ሐኪም ቤት በእግሩ ሮጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተረፈ። ሲመለሱ ግን ያ ወፍራም ሕፃን አንገቱን መሸከም አቅቶት ነበር።

ያንን ሕፃን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዝላ የምታጫውተው የሽኩር ልጅ ዚነት ነበረች። እንዲህ ሆኖ አየችው።

አሁን ወደ ሸህ ሰማን ልመለስ። ሸሁ ከወሎ የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አስተማሪ ልጆችን በዐረቢኛ ብቻ ያስቀሩ ነበር፤ ልጁ ሳይሳሳት ከተወጣው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ወደሚቀጥለው ሱራ ያልፋል። ሸህ ሰማን ግን ሱራው በቃል ከተያዘ በኋላ መልእክቱን በአማርኛ ይነግራሉ። ከዚያ ልጁን ወደ ቤቱ ይሰዱና በማግሥቱ «ምን ሠራህበት?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ወላጅ የሚናገር ከሆነ፣ ልጁ ለእናቱ እንጨት ሳይፈልጥላት ወደሚቀጥለው አያልፍም። አንዳንዱ ወላጅ በዚህ ተደሰተ፤ አንዳንዱ «ልጄን ለቁርአን ላክሁት እንጂ ለእንጨት ፈለጣ አልላክሁትም» ብሎ አጉረመረመ።

በዚያው ሰሞን ልጆቹ ካጠኗቸው አጫጭር ሱራዎች አንዷ፣ እየሰገደ ለጎረቤቱ የቤት ዕቃ እንኳ የሚነፍገውን ሰው የምትገሥጸዋ ነበረች። ሁላችንም በልጅነታችን ቀርተናታል። ስንቶቻችን ምን እንደምትለን እናውቅ ነበር?

ሽኩር ደስ የሚል ልማድ ነበረው። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቁልፍ እየተከለ ዚነትን ያስቀራታል፤ ስትሳሳት መርፌውን ያቆማል። ቁርአኑን ጨርሳ የምትመረቅበት ማኽተሚያዋ ቀርቦ ነበር። ለዚያ ቀን የገዛው በግ በረንዳው ላይ ታስሮ ሣር ይበላል። አንድ ማታ መርፌው ቆመ።

«ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም አባ።»

«ወላሂ ዘለልሽ። ያቺን አጭሯን።»

ዚነት አንገቷን ደፋች። በማግሥቱም ዘለለቻት፤ በሠልስቱም። ሽኩር ምክንያቱን ያገኘው መሰለው።

«ሸሁ ናቸው ያበላሿት» አለ ለሐሚዳ። «ትርጉም ለአዋቂ፣ ለዓሊም ነው። የልጅ ልብ ጠባብ ነው፤ አማርኛው ሲገባ ዐረቢኛው ይወጣል።»

«እኔን በመሠረተ ትምህርት ‹ውሃ› የሚለውን ሲያስነብቡኝ፣ የውሃን ነገር ከልብሽ አውጪው ያለኝ የለም» አለች ሐሚዳ።

«ይሄና ያ አንድ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። መሃይም ነበርኩ እኮ እስካለፈው ዓመት።»

ሽኩር አልሳቀም። ነገ ልጄን አስወጣለሁ፣ ሌላ አስተማሪ እፈልጋለሁ ብሎ ተኛ። እንግዲህ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ የሰማሁት በማግሥቱ ነው።

ሽኩር የመጣበትን ተናገረ። ሸሁ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ዚነትን ጠሩ።

«ልጄ፣ ያቺ ሱራ ጠፍታሻለች?»

«አልጠፋችኝም።»

«ታዲያ ምነው?»

«አባ እየሰማኝ ስቀራት፣ አባን የምረግመው ይመስለኛል» አለች፤ አለቀሰችም።

ሽኩር ያንን መጀመሪያ የነገርኳችሁን ቃል የተናገረው ያኔ ነው። «ውሃውን ማን ከለከላቸው? እኔ የያዝኩት ባልዲውን ነው። ለሶላቴ ብዬ ነው ሸሁ። ውሻ አላቸው። ንጽህና ከዲን አይደለም እንዴ?»

«ከዲን ነው እንጂ» አሉ ሸሁ። «ያ ሽኩር፣ ውሻ የላሰው ዕቃ በምን ይጠራል?»

«ሰባት ጊዜ ታጥቦ፣ አንዱን በአፈር።»

«ማሻአላህ፣ ታውቀዋለህ። መንገዱ ተቀምጦልሃል፤ አፈሩም ደጅህ ላይ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ንገረኝ። ያቺ ሴት ልጇን አዝላ ከደጅህ ባዶዋን ስትመለስ የቆሰለውን ልቧን፣ በስንት ውሃ ታጥበዋለህ?»

ዚነት እንደገና ስታለቅስ ሰማሁ።

«ይቺ ልጅ አልተበላሸችም» አሉ ሸሁ ቀስ ብለው። «ካስቀራኋቸው ሁሉ ያቺን ሱራ ወደ ቤቷ ይዛ የገባች እሷ ናት። አንተን ስለምትወድህ ነው የዘለለቻት። ልታስወጣት ብትፈልግ ልጅህ ናት። ግን የትም ብትወስዳት ሱራዋ አብራት ትሄዳለች።»

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ልጆቻችን በሚያምር ድምፅ ሲቀሩ እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የምንኮራበት ቃል እቤታችን ገብቶ ስለ ባልዲያችን፣ ስለ ጎረቤታችን ሲጠይቀን፣ ያስተማረውን ሰው እንቆጣለን። ልጅ የምትማረው በጆሮዋ ብቻ አይደለም። እኛ ከሰገድን በኋላ የምናደርገውንም ታያለች። የተማረችውና የምታየው ሲጣሉባት፣ ከሁለት አንዱን መዝለል ግድ ይሆንባታል። ዚነት ሱራዋን ዘለለች። ሌላው ልጅ አባቱን ሊዘል ይችላል።

ከውስጥ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁ። ከዚያ ሽኩር ተናገረ።

«እሺ። ባልዲውን ለገዲሴ እልክላታለሁ።»

«በማን?» አሉ ሸሁ። «የነፈጋት ሌላ ሰው ነው እንዴ?»

«እሺ፣ ራሴ እወስድላታለሁ። ይቅር በይኝም እላታለሁ።»

«አባ» አለች ዚነት፤ ድምፅዋ ገና አልጠራም። «ከቀዳች በኋላ እቤት መልሰህ ትሰቅለዋለህ?»

ሽኩር አሰበ። ልብስ ሲለካ እንደሚያስበው፣ ሳይቸኩል።

«አልሰቅለውም። ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንጨት ተክዬ ከነገመዱ እዚያ አኖረዋለሁ። የግቢውንም በር አልዘጋም። የፈለገ ይቅዳ።»

«ውሻውስ ተከትሏት ቢመጣ?» አሉ ሸሁ፤ እንደ መሳቅ ብለው።

«እሱም ጠምቶት ይሆናል» አለ ሽኩር። «ይጠጣ። አፈሩ ደጄ ላይ ነው፤ ባልዲውን አጥበዋለሁ።»